ከግራፍ ዳታቤዝ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኖዶችን መሰረዝ፦ ሥራው የሚለካው በግንኙነት ነው

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በግራፍ ዳታቤዙ በኒዮፎርጄ 5 ኮሚዩኒቲ (ነፃ) እትም ላይ 80 ሚሊዮን ገደማ ኖዶች፣ ማለትም በግንኙነት የሚያያዙ የመረጃ ነጥቦች፣ አሏቸው። አብዛኞቹ «ክስተት» የሚል ሌብል (የምድብ ስም) ያላቸው ሲሆኑ እያንዳንዱ ክስተት ከአንድ ተጠቃሚ፣ ከአንድ መሣሪያና ከአንድ የክስተት ዓይነት ጋር ተያይዟል። ሁለት ዓመት ያለፋቸውን 50 ሚሊዮን ያህል ክስተቶች ማስወገድ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያ ሁሉንም በአንድ «ዲታች ዲሊት» (ኖዱን ከነግንኙነቶቹ በሚያነሣ ትእዛዝ) ለመሰረዝ ሞክረው ነበር፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ የሜሞሪ ወሰን ታልፏል የሚል ስሕተት መጣ፣ አንድም ኖድ አልተሰረዘም። ከዚያ በኋላ በየዙሩ 10,000 ኖድ ብቻ የሚሰርዝ ትእዛዝ በሉፕ ማስኬድ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ፈጣን የነበረው ሥራ እያደር ተንቀራፈፈ፤ አንዳንዱ ዙርም መሀል ላይ ይቋረጣል። 12 ሚሊዮን ኖድ ከሰረዙ በኋላ ዲስካቸውን ቢያዩት ደግሞ የተያዘው ቦታ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሯል።

ስሕተቶቹ የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚመነጩት ስረዛን በኖድ ብዛት ከመቁጠር ነው። እርስዎ «10,000 ኖድ» ሲሉ ዳታቤዙ የሚሠራው 10,000 ሥራ አይደለም፤ የእነዚያን ኖዶች ግንኙነቶች በሙሉ አንድ በአንድ መፍታት አለበት። ስለዚህ የዙርዎን መጠን፣ የሚወስደውን ሜሞሪና የሚፈጀውን ጊዜ ከአሁን በኋላ በግንኙነት ይቁጠሩ። የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

አንዱ ትልቅ ትእዛዝ ለምን እንደወደቀ ልጀምር። ኒዮፎርጄ አንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጸና ወይ ሙሉ በሙሉ የሚቀር የሥራ ጥቅል) የሚያደርገውን ለውጥ ሁሉ፣ ትራንዛክሽኑ ጸድቆ እስኪዘጋ ድረስ በሜሞሪ ውስጥ ይይዛል። ይህን የሚያደርገው ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ምንም እንዳልተነካ ሆኖ እንዲመለስ፣ ሌሎች ተጠቃሚዎችም ያልተጠናቀቀ ለውጥ እንዳያዩ ነው። በእርስዎ ሁኔታ 50 ሚሊዮን ክስተት ማለት 50 ሚሊዮን ኖድና 150 ሚሊዮን ግንኙነት፣ በዚያ ላይ የሁሉም ፕሮፐርቲ (በእነሱ ላይ የተቀመጠ ዋጋ) ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በጃቫ ሂፕ (ሰርቨሩ በሚሠራበት ሜሞሪ) ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። በስሪት 5 የትራንዛክሽኖች ጠቅላላ ሜሞሪ ካልተቀየረ በቀር በሂፑ 70 በመቶ የተገደበ ስለሆነ ሰርቨሩ ራሱ ከመውደቁ በፊት ትእዛዝዎን አቋረጠው። ያ ስሕተት ጠብቆዎታልና ወሰኑን ከፍ በማድረግ ለማለፍ አይሞክሩ። ወሰኑ ቢነሣ ኖሮ ስረዛው ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰዓት ዳታቤዙን የሚጠቀሙ ሁሉ አብረው ይወድቁ ነበር።

ግንኙነትን መሰረዝ ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ዲስኩ ላይ ያለውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ኮሚዩኒቲ እትም በሚጠቀምበት የሪከርድ አቀማመጥ አንድ ኖድ 15 ባይት፣ አንድ ግንኙነት ደግሞ 34 ባይት ይይዛል። በእነዚያ 34 ባይቶች ውስጥ የመነሻው ኖድ፣ የመድረሻው ኖድ፣ የግንኙነቱ ዓይነት፣ የፕሮፐርቲው አድራሻ፣ ከዚህም በላይ አራት ጠቋሚዎች አሉ፦ በመነሻው ኖድ ሰንሰለት ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ያለው ግንኙነት፣ እንዲሁም በመድረሻው ኖድ ሰንሰለት ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ያለው ግንኙነት። አንዱን ግንኙነት ሲያነሡ ጎረቤቶቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ የእነሱ ሪከርድም መታረም አለበት። ስለዚህ አንድ ክስተት ሲሰርዙ ሦስት ግንኙነት ይፈታል፤ ለእያንዳንዱም እስከ አራት የሚደርሱ ሌሎች ሪከርዶች ይነካሉ፤ እነዚህ ሪከርዶች ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የገጽ ካሹ (የፋይሎቹን ቅጂ በሜሞሪ የሚይዘው ክፍል) ፋይሎቹን ሁሉ ለመያዝ የማይበቃ ከሆነ እያንዳንዷ እርማት ዲስክ ድረስ መውረድ ያስፈልጋታል።

እዚህ ላይ የክስተት ዓይነት ኖዶችዎ ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። በጥያቄዎ ሃያ ያህል የክስተት ዓይነት እንዳለ ጠቅሰዋል። ይህ ማለት «መግቢያ» በሚለው አንድ ኖድ ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ግንኙነቶች ተንጠልጥለዋል ማለት ነው። ኒዮፎርጄ አንድ ኖድ ከ50 በላይ ግንኙነት ሲኖረው እንደ ተጨናነቀ ኖድ ቆጥሮ ግንኙነቶቹን በዓይነትና በአቅጣጫ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ይህም ንባብን በእጅጉ ያፈጥናል። በስረዛ ጊዜ ግን ሁሉም ዙሮች እነዚያኑ ሃያ ኖዶች ይነካሉ። ለእኔ ይህ የሞዴል ጉድለት ነው። የክስተት ዓይነት በኖድነት መቀመጡ ለጥያቄዎችዎ ይህን ያህል የማይጠቅም ከሆነ፣ ወደፊት ዓይነቱን ክስተቱ ላይ እንደ ፕሮፐርቲ ወይም እንደ ተጨማሪ ሌብል አድርገው ማስቀመጡን ያስቡበት። አንድ ሦስተኛው የስረዛ ሥራ በዚህ ብቻ ይቀርልዎታል።

አሁን ወደ መንቀራፈፉ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሉፑ ቀስ በቀስ ሲደክም ዳታቤዙ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል። የእርስዎ ትእዛዝ በየዙሩ የሚለው «ክስተት ከሆኑት ውስጥ ቀናቸው ከወሰኑ በፊት የሆኑ 10,000 አምጣና ሰርዝ» ነው። በቀኑ ፕሮፐርቲ ላይ ኢንዴክስ (ቶሎ መፈለጊያ ማውጫ) እንደሌለ ጽፈዋል። እንግዲህ ዳታቤዙ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፦ ክስተቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበበ የእያንዳንዱን ቀን መመልከት። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከፊት ያሉት አብዛኞቹ አሮጌ ስለሆኑ 10,000 ቶሎ ይሞላል። አሮጌዎቹ እየተሰረዙ ሲሄዱ ግን ከፊት የሚቀሩት መሰረዝ የሌለባቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ አዲስ ዙር እነዚያኑ የሚቀሩ ክስተቶች እንደገና አንብቦ፣ እንደገና ትቷቸው ያልፋል። 50 ሚሊዮን ክስተት በ10,000 ሲከፈል 5,000 ዙር ይሆናል። ወደ መጨረሻው በየዙሩ እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርሱ የማይሰረዙ ክስተቶች በከንቱ ሊነበቡ ይችላሉ። ዳታቤዝዎ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ይህን ሁሉ ንባብ ሲደጋግም ነው።

መፍትሔው በቀኑ ፕሮፐርቲ ላይ ሬንጅ ኢንዴክስ (ከዚህ እስከዚህ ብሎ ለመፈለግ የሚያገለግል ኢንዴክስ) መፍጠርና ስረዛውን ከመቀጠል በፊት ኢንዴክሱ ተሞልቶ «ኦንላይን» የሚል ሁኔታ እስኪያሳይ ድረስ መጠበቅ ነው። ብዙ ኖዶች ባሉት ሌብል ላይ ይህ ራሱ ጊዜ ይወስዳልና አይቸኩሉ። ከዚያ ትእዛዝዎን ከማስኬድ በፊት «ኤክስፕሌይን» አስቀድመውበት ዳታቤዙ ሥራውን የሚያከናውንበትን ዕቅድ ያንብቡ፤ የመጀመሪያው እርምጃ በሌብል መቃኘት ሳይሆን በኢንዴክስ ከወሰን እስከ ወሰን መፈለግ መሆን አለበት። አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ልጨምር። ቀኑ የተቀመጠው እንደ ጽሑፍ ከሆነና እርስዎ የሚያወዳድሩት በዴት ዓይነት ዋጋ ከሆነ ንጽጽሩ «ነል» (ዋጋ የለም) ይመልሳል፤ ስሕተት አይመጣም፣ የሚገኝም ኖድ አይኖርም። በአንድ ወቅት የመጡ ክስተቶች በጽሑፍ፣ በሌላ ወቅት የመጡት በዴት ዓይነት ገብተው ከሆነ ደግሞ ግማሹ ተሰርዞ ግማሹ ሳይታወቅ ይቀራል።

የሚቋረጡት ዙሮች ሁለት ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት የስሕተቱ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ዴድሎክ የሚል ከሆነ የስረዛ ትራንዛክሽንዎና አፕሊኬሽንዎ በዚያው ሰዓት የሚጽፈው ትራንዛክሽን አንዱ የሌላውን መቆለፊያ ሲጠባበቁ ተያይዘው ቀርተዋል ማለት ነው። ግንኙነት ሲሰረዝ በሁለቱም ጫፍ ያሉ ኖዶች መቆለፊያ ይፈልጋሉ። ከስሪት 4.3 ወዲህ ይህ ለተጨናነቁ ኖዶች ተሻሽሏል፤ ሆኖም ዴድሎክ ፈጽሞ አልጠፋም። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ጊዜያዊ ተብሎ የሚመደብ ስለሆነ ዙሩን እንደገና መሞከር ይበቃል። በዚህ ምክንያት ስረዛን በብዙ ክሮች (በአንድ ጊዜ በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ጎን ለጎን ማስኬድን አልመክርም። የአፖክን (የኒዮፎርጄ ተጨማሪ መሣሪያዎች ስብስብ) «ፔሪዮዲክ ኢተሬት» የሚጠቀሙ ከሆነ ጎን ለጎን የማስኬጃው ምርጫ እንደ ተዘጋ ይተዉት። የእርስዎ ክስተቶች ሁሉም በሃያ ኖዶች ላይ የሚገናኙ በመሆናቸው ክሮቹ የሚያተርፉት እርስ በርስ መጠባበቅን ነው።

ስሕተቱ ሜሞሪ የሚል ከሆነ ግን በዚያ ዙር ውስጥ ከሌሎቹ እጅግ የበዛ ግንኙነት ያለው ኖድ ገብቷል። ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ተምሬዋለሁ። ከዓመታት በፊት በየዙሩ 5,000 ብቻ የሚሰርዝ፣ እጅግ ጥንቁቅ ነው ብዬ ያሰብሁትን ሉፕ ለሌሊት ትቼ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ሰርቨሩ ሂፑን ለማጽዳት ሲታገል አድሮ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር። ከ5,000ዎቹ አንዱ በስሕተት እንደ መሰብሰቢያ ያገለገለ ኖድ ሆኖ ተገኘ፤ በእሱ ላይ ብቻ ከ11 ሚሊዮን በላይ ግንኙነት ነበር። ሌሎቹ 4,999 ኖዶች አንድ ላይ ሆነው የዚያን አንዱን መቶኛ አይሞሉም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ስረዛ ከመጀመሬ በፊት የሚሰረዙትን ኖዶች በግንኙነት ብዛት ደርድሬ የመጀመሪያዎቹን ሃያዎች ሳላይ አልነሣም። በስሪት 5 በ«ካውንት» ቅንፍ ውስጥ የኖዱን ግንኙነቶች ማስቆጠር ይቻላል፤ ለተጨናነቁ ኖዶች ብዛቱ ተቆጥሮ የተቀመጠ ስለሆነ ሰንሰለቱን እስከ ዳር መራመድ አያስፈልግም።

ስለዚህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሥራውን የምመራው እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት ዳታቤዙን አቁሜ ሙሉ ዳምፕ (የዳታቤዙን ቅጂ) እወስዳለሁ፤ በኮሚዩኒቲ እትም ዳታቤዙ እየሠራ ባክአፕ መውሰድ ስለማይቻል ለዚህ የተወሰነ የመቋረጫ ሰዓት መያዝ ግድ ነው። ይህ የግድ የሚሆነው በዙር ከፋፍሎ መሰረዝ አንድ ትልቅ ዋስትና ስለሚያሳጣን ነው። የጸደቀ ዙር ጸድቋል፤ በሦስት ሺሕኛው ዙር ላይ መስፈርቱ የተሳሳተ መሆኑን ቢያውቁ የቀደሙትን 2,999 ዙሮች የሚመልስልዎ ነገር ዳምፑ ብቻ ነው። ከዚያ ኢንዴክሱን እፈጥራለሁ፤ የሚሰረዙትንና የሚቀሩትን ለየብቻ ቆጥሬ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ የሁለቱ ድምር ከጠቅላላው የክስተት ብዛት ጋር ካልተካከለ ቀን የሌለው ወይም ዓይነቱ የተለየ ክስተት አለ ማለት ስለሆነ እዚያው ቆሜ አጣራለሁ።

ከስሪት 4.4 ጀምሮ የኒዮፎርጄ የመጠየቂያ ቋንቋ ሳይፈር ለዚህ ሥራ «ኮል» ብሎ ንዑስ ትእዛዝ ከፍቶ «ኢን ትራንዛክሽንስ» ብሎ የሚዘጋ አጻጻፍ አለው። የውጭው ክፍል ኖዶቹን ያመጣል፤ የውስጡ ክፍል ይሰርዛል፤ ዳታቤዙ ራሱ የተወሰነ ረድፍ በሞላ ቁጥር ያጸድቃል። መጠኑን ካልነገሩት 1,000 ረድፍ ነው። ለእርስዎ ክስተቶች፣ እያንዳንዱ ሦስት ግንኙነት ብቻ ካለው፣ 10,000 ረድፍ ማለት 30,000 ግንኙነት ነውና ይበቃል፤ ለብዙ ሰርቨሮች በአንድ ትራንዛክሽን ከ10,000 እስከ 50,000 ግንኙነት ደኅና መነሻ ነው እላለሁ። ይህን አጻጻፍ ከኒዮፎርጄ ብራውዘር ሲያስኬዱ ከፊቱ ሁለት ነጥብና «ኦቶ» የሚለውን ቃል ማስቀደም፣ ከፕሮግራም ሲያስኬዱ ደግሞ በድራይቨሩ (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ በሚያገናኘው ላይብረሪ) የሚተዳደሩትን የማንበቢያና የመጻፊያ ትራንዛክሽኖች ትተው በቀጥታ በሴሽኑ «ረን» ማለት አለብዎት፤ አስቀድሞ በተከፈተ ትራንዛክሽን ውስጥ ሌላ ትራንዛክሽን መክፈት ስለማይፈቀድ።

አንድ የተደበቀ እንቅፋት አለ። ዳታቤዙ የሚያነበውን ነገር እያነበበ ሳለ እንዳይሰርዘው ሲጠነቀቅ፣ ዕቅዱ ውስጥ «ኢገር» የሚባል እርምጃ ሊያስገባ ይችላል። ይህ እርምጃ የውጭው ክፍል የሚያመጣቸውን ረድፎች ሁሉ ከመጀመሪያው አስቀድሞ በሜሞሪ ይሰበስባል። ለ50 ሚሊዮን ረድፍ ይህ ራሱ ብዙ ነው። በ«ኤክስፕሌይን» ካዩት አይደንግጡ፤ ሥራውን በቀን ወሰን ከፋፍለው በየአንዳንዱ ወር ለየብቻ ያስኪዱት። በወር መከፋፈሉ ሌላም ጥቅም አለው፦ የት እንደ ደረሱ በቀላሉ ያውቃሉ፣ ከተቋረጠም ከዚያው ወር ይቀጥላሉ።

የሚሰረዙትን ኖዶች በግንኙነት ብዛት ሲደረድሩ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ ከባድ ኖድ ከተገኘ ያን ኖድ በ«ዲታች ዲሊት» አይንኩት። በመጀመሪያ ግንኙነቶቹን ብቻ፣ በዙር ከፋፍለው ይሰርዙ፤ ባዶ ሲሆን ኖዱን በተራ «ዲሊት» ያንሡት። ግንኙነቶቹን ሲያመጡ የቀስቱን አቅጣጫ ይግለጹ፤ ወጪዎቹን አስቀድሞ፣ ገቢዎቹን አስከትሎ። አቅጣጫ ሳይሰጡ ቢያመጧቸውና ሁለቱም ጫፎች መስፈርቱን የሚያሟሉ ከሆነ አንዱ ግንኙነት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በተለያየ ዙር ከወደቀ ሁለተኛው የሚያገኘው አስቀድሞ የጠፋ ነገር ነው። ተራውን «ዲሊት» መጠቀሙ ደግሞ ማረጋገጫ ነው፤ ግንኙነት የቀረው ኖድ ከሆነ ትራንዛክሽኑ አይጸድቅም፣ የረሱትን ነገር ይነግርዎታል።

«ዲታች» የሚነካው ግንኙነቶቹን እንጂ ጎረቤት ኖዶቹን አይደለም። በሠንጠረዥ ላይ በተመሠረቱ (ሪሌሽናል) ዳታቤዞች እንደ ለመዱት በወላጅ ስረዛ ልጅን የሚያስከትል ደንብ እዚህ የለም። ክስተቶቹ ሲሄዱ፣ ከእነሱ በስተቀር ምንም ያልነበራቸው መሣሪያዎችና ተጠቃሚዎች ብቻቸውን ይቀራሉ። እነዚህን መሰረዝ ወይም መተው የቴክኒክ ጉዳይ ስላልሆነ የመረጃው ባለቤት የሆነውን ክፍል ሳይጠይቁ አይወስኑ፤ ክስተት የሌለው ተጠቃሚ ነገ ሊመለስ የሚችል ሰው ሊሆን ይችላል።

ወደ ዲስኩ ልመለስ። መጠኑ የጨመረው እያንዳንዱ ስረዛ መጀመሪያ በትራንዛክሽን ሎግ (በለውጦች መዝገብ) ላይ ስለሚጻፍ ነው፤ የሰረዙት ሁሉ እንደ ጽሑፍ ተጨምሯል ማለት ነው። አሮጌዎቹ የሎግ ፋይሎች የሚነሡት ቼክፖይንት (ለውጦቹን ወደ መረጃ ፋይሎቹ የማውረድ ሥራ) ሲደረግና የማቆያ ደንቡ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ በስረዛው ሳምንት ሎጉ ያለበት ዲስክ በቂ ክፍት ቦታ እንዳለው በየጊዜው ይመልከቱ፤ ሎግ መጻፊያ ያጣ ዳታቤዝ መጻፉን ያቆማል። የማቆያ ደንቡን ለጊዜው ማሳጠር ይቻላል፤ የሎግ ፋይሎችን በእጅ መሰረዝ ግን በፍጹም አይሞክሩ።

የመረጃ ፋይሎቹ ራሳቸው አለመቀነሳቸው ትክክለኛ አሠራር ነው። የተሰረዘ ሪከርድ ከፋይሉ አይቆረጥም፤ «አገልግሎት ላይ አይደለም» ተብሎ ምልክት ይደረግበትና መለያ ቁጥሩ ለሚቀጥለው አዲስ ኖድ ወይም ግንኙነት ይቀመጣል። ክስተት በየቀኑ የሚገባልዎ ከሆነ ያ ቦታ ተመልሶ ይሞላል፤ ፋይሉም ለረጅም ጊዜ ሳያድግ ይቆያል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምጠይቅዎ ነገር አለ። የዳታቤዙን የውስጥ መለያ ቁጥር በሌላ ሥርዓት ውስጥ፣ በካሽ ወይም በሪፖርት ሠንጠረዥ አስቀምጠው ከሆነ ስረዛውን አሁኑኑ ያቁሙ። 12 ሚሊዮን ቁጥሮች ነፃ ወጥተዋል፤ ትናንት የአንድ ክስተት የነበረው ቁጥር ዛሬ የማይዛመድ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላው ሥርዓት ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የራስዎን መለያ እንደ ፕሮፐርቲ ማስቀመጥና በእሱ ላይ አንድ ዋጋ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ገደብ ማድረግ ብቻ ነው የሚያዛልቀው።

ፋይሉ በእርግጥ እንዲያንስ ከፈለጉ ኢንተርፕራይዝ እትም ዳታቤዙን ወደ አዲስ፣ የታመቀ ቅጂ የሚገለብጥ ትእዛዝ አለው፤ በሚገለብጥበት ጊዜም የተወሰነ ሌብል ያላቸውን ኖዶች ትቶ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። በኮሚዩኒቲ እትም ይህ የለም፤ ዳምፕ ወስዶ መልሶ መጫንም ፋይሉን አያሳንሰውም። ያለዎት መንገድ የሚቀረውን ወደ ሲኤስቪ አውጥቶ በጅምላ ማስገቢያው አዲስ ዳታቤዝ መገንባት ነው። የእኔ አስተያየት፣ ከሚቀረው የሚሰረዘው እጅግ ሲበልጥ፣ ለምሳሌ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሄድ ከሆነ፣ ከመሰረዝ ይልቅ ይህን መምረጥ ይሻላል የሚል ነው፤ ጅምላ ማስገቢያው በትራንዛክሽን ስለማይሠራ በጣም ፈጣን ነው፣ ውጤቱም የታመቀ ነው። የእርስዎ 50 ከ80 ግን በመካከል ላይ ነው። ዳታቤዙን ለረጅም ሰዓት ማቆም ከቻሉ እንደገና ይገንቡት፤ ካልቻሉ ግን በኢንዴክስና በወር ከፋፍለው ይሰርዙት።

ኢንዴክሱን ፈጥረው የመጀመሪያውን ወር ካስኬዱ በኋላም ዙሮች የሚቋረጡ ከሆነ ሦስት ነገሮች ይላኩልኝ፦ የስሕተቱን ሙሉ ጽሑፍ፣ የትእዛዙን የ«ፕሮፋይል» ውጤት (ዕቅዱን በተግባር ከተሠራው ሥራ ጋር የሚያሳየውን)፣ እንዲሁም ከሚሰረዙት ክስተቶች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ግንኙነት ያላቸውን የሃያዎቹን የግንኙነት ብዛት። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ተመሥርተን የዙሩን መጠን በትክክል መወሰን እንችላለን።